ሉጥፊያ ማንን ነበር የምትጠራው

ራንዳን ያሳቀ ሰው በካርቱም የለም፤ ያስለቀሳትም የለም። በምትሠራበት አዳራሽ ሠርግ ይደገስ፣ ሐዘን ይቀመጥ፣ የነጋዴዎች ስብሰባ በጭቅጭቅ ይፍረስ፣ ለእሷ ሁሉም ያው ወንበር ነው። ጠዋት ትደረድረዋለች፣ ማታ ትሰበስበዋለች። የአዳራሹ ኃላፊ ሂሻም ወሬ የሚወድ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አትቀየሟት፤ ፊቷን ቤት ረስታው መጥታ ነው» ይላል። ራንዳ ትሰማዋለች፤ አትቆጣም። ማይክራፎኑን በጨርቅ ትወለውልና ለተናጋሪው ትሰጣለች።

ሰው እንዲህ ሆኖ አይወለድም። ካላክላ ሰፈር አብረዋት ያደጉት ሴቶች፣ ድሮ ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ ሳቋን ስትለቀው ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ ያያት እንደነበር ይመሰክራሉ። ያደነዘዛት የእናቷ ሞት ነው ብል አልዋሸሁም፤ ግን ነገሩን በግማሹ ተናገርኩ ማለት ነው። እናት የሞተባት እሷ ብቻ አይደለችም። ራንዳን ያደነዘዛት እናቷ የሞተችበት አኳኋን ነው።

እናቷ ሉጥፊያ በወጣትነቷ ከወሎ መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ዐወደላ የሚባል የሐፍላ ሾፌር አገባት፤ ራንዳን ወለደችለት፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ሉጥፊያ ያን ጊዜ አንድ ነገር ወሰነች። ልጄ «ሐበሻ» እየተባለች አትሰደብም አለች። የአገሯ ሰው ሁሉ ሐበሻ በሞላበት በዴም ሰፈር ሲከራይ እሷ ራቅ ብላ ካላክላ ገባች። ለልጇ አንዲት የአማርኛ ቃል ሳታወጣ፣ የወሎ ለዛ ባልለቀቀው ዐረብኛ አሳደገቻት። ዐረብኛው ሲሰበርባት እዚያው ትጠግነዋለች እንጂ ወደ አማርኛ አትሸሽም ነበር። ልጇን «ያ ቢቲ» ትላታለች፣ «ልጄ ሆይ» እንደማለት፤ ልጅቷም እናቷን «ዩማ» ትላታለች። ስለዚህ የራንዳ አማርኛ ከዘፈንና ከዴም ገበያ የተቃረመ ነው። ስንት ነው፣ ነይ፣ ሂጂ፣ ውሃ፣ አባት፣ እናት፤ ከዚያ ብዙም አይዘልቅም።

ይህ ታሪክ ከመሆኑ ዓመት ግድም አስቀድሞ ሉጥፊያን ጀልጣ መታት። ጀልጣ የሚሉት ደም አንጎል ውስጥ ሲረጋ ነው። ቀኝ ጎኗ ሰነፈ። አንደበቷ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ሲመለስ፣ ያ ዕድሜ ልኳን የጠገነችው ዐረብኛ አብሮ አልተመለሰም። የቀረላት ከልጇ የደበቀችው አማርኛ ብቻ ነው። እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው አልልም፤ ግን ሌላ ምን እንደምል አላውቅም።

ራንዳ ከሥራ እየተበደረች በወሰደቻቸው ቀናት አስታመመቻት። ገላዋን ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፣ ያን ሁሉ ስታደርግ ደግሞ በዐረብኛ ታጫውታታለች። ዩማ ዛሬ ጎረቤት እንዲህ ሆነ፣ ዩማ ተሽሎሻል፣ ዩማ ያለአንቺ ምን አለኝ። ሉጥፊያ የልጇን ከንፈር ታያለች፤ አትመልስም። ቆይታ በራሷ ጊዜ የምትናገረው ያንኑ ነው። «እናቴ ነይ» ትላለች። «እናቴ፣ እናቴ ነይ።»

ራንዳ «እናት» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ከአማርኛ ዘፈን ግማሹ እናት ነው። የሉጥፊያ እናት ደግሞ ወሎ ውስጥ ከሞተች ዘመን አልፏል። ስለዚህ ለራንዳ የታያት ይህ ነው፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የምትጠራው የሞተችውን ነው፤ ስሜን አንድ ቀን እንኳ አላነሳችም፤ ረስታኛለች።

እዚህ ላይ በአማርኛ አፉን የፈታ አንባቢ እጁን አውጥቶ ሊናገር ይፈልግ ይሆናል። ዝቅ ያድርግልኝ። ራንዳ አፏን የፈታችው በዐረብኛ ነው።

የሉጥፊያ ባልንጀራ ሀጀራ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ሴት፣ አንድ ዓርብ ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ሉጥፊያ «እናቴ» ስትል ሰማችና ዕንባዋ መጣ። ወደ ራንዳ ዞራ «እናቴ ትላለች አይደል?» አለቻት። ራንዳም «አዎ፣ እናቴ ትላለች» አለች። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለቱም አለቀሱ፤ የተለቀሰው ግን ለየቅል ነበር። ሀጀራ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ ብላ አላሰበችም። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ ለሰው የሚያስረዳ ማን አለ?

ራንዳ ያኔ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀሰችው። ሉጥፊያ በሞተች ቀን የሰፈር ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ እሷ ወንበር ስታቀብል ዋለች። ጨካኝ ናት ያሏትም ነበሩ። ጨክና አይደለም፤ ባዶ ሆና ነው። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እናቷ በመጨረሻዋ ሰዓት ታውቃት እንደነበረ ማወቅ። ይህን ደግሞ ከሞተ ሰው የሚጠይቁበት መንገድ የለም።

እንግዲህ ከተማዋ በጦርነት ሳትበተን በፊት፣ ብርድ ብርድ በሚልበት ወራት፣ የውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪዎች አዳራሹን ተከራዩ። ካርቱም ውስጥ ከሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ የመጡ ናቸው። ጥናታችሁን ለሕዝብ አስረዱ ተብለዋል። ሕዝብ ማለት ሻይ ሻጩም፣ ሾፌሩም፣ ያልተማረውም ነው። የሙያ ቃል መናገር ክልክል፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ከሚጠጣበት ጊዜ በላይ መፍጀትም ክልክል። ልምምድ ሲጀምሩ ሂሻም አንድ ዘዴ መጣለት። መጀመሪያ ለራንዳ ያስረዱ አለ፤ ራንዳን የነካ ነገር ካርቱምን ሁሉ ይነካል።

ምስኪኖች፣ ምን እንደገቡበት አላወቁም። ታንዛኒያዊው የሙጫ ዛፍ ስለምትገድል ትል አስረዳ። ትሏን በእጁ እየሠራ፣ እየተሳበ፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ። ራንዳ አየችው። ገባሽ ወይ ሲላት «ገባኝ» አለች፤ እንደገባው ሰው ግን አልመሰለችም። ናይጄሪያዊቷ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ከየት እንደሚነሣ ታጠናለች። ሻርፗን እንደ አቧራ ስታራግብ ቆይታ ጨረሰችና የራንዳን ፊት ስታይ ንግግሯን እንደገና ልጽፍ ነው ብላ ወጣች። ትንሹ የማሌዥያ ልጅ ደግሞ፣ ግድግዳ እንኳ ሲያወሩለት ድምፅ ይመልሳል ብሎ ለሂሻም ስሞታ አቀረበ። ሂሻም በሳቅ ሞተ። ራንዳ ቀጣዩን ጠራች።

ቀጣዩ ጥዑመልሳን የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። ስሙ ጥዑመልሳን ይሁን እንጂ ልሳኑ ያን ያህል አይጥምም። ዐረብኛውን ከመጽሐፍ ስለተማረ ዜና የሚያነብ ይመስላል። የጥናቱን ርእስ ተናግሮ ሳይጨርስ ሂሻም አዛጋ። ስለ አንጎል ክፍል፣ ስለ ቋንቋ ማዕከል፣ ስለ ምን ስለ ምን ብዙ አለ። ራንዳ ጨርቋን እያጠፈች ትዘረጋለች። በመጨረሻ ሂሻም ከኋላ ሆኖ እንደ ሰው እንዲያወራ ለመነው።

ጥዑመልሳን ወረቀቱን አጠፈና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አንድ ሰው አለ እንበል አለ። አገሩ ሌላ ነው፤ ካርቱም ኖሮ ዐረብኛ ለምዷል፤ ልጆቹን በዐረብኛ አሳድጓል። አንድ ቀን ጀልጣ ይመታዋል። ዐረብኛው ይሄድና ሕፃን ሳለ አፉን የፈታበት ቋንቋ ይቀራል። ልጆቹ ደግሞ ያን ቋንቋ አያውቁም። አባት ይናገራል፣ ልጆች ይናገራሉ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። እኔ የማጠናው፣ አለ፣ ያንን ቤት ነው።

ራንዳ ጨርቁን አስቀመጠች። ልምምዱ ከተጀመረ ጥያቄ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ያ የታመመው ሰው የልጆቹን ስምም ይረሳል ወይ አለችው። ጥዑመልሳን ደነገጠ፤ ለምን እንደጠየቀችው ጠየቃት። እናቷ ሐበሻ መሆኗን ስትነግረው ወደ አማርኛ ገባላት። እሷም ባላት አማርኛ ሞከረች።

«እናቴ ታመመ። ዐረቢ ኸላስ፣ ማፊ። አማርኛ ብቻ ቀረ» አለችው። «እኔን ረሳ። ስሜን አንድ ቀን አልጠራም። እናቱን ብቻ ጠራ፣ የሞተውን።»

«ምን እያሉ ነበር የሚጠሩት?»

«እናቴ ነይ። እናቴ ውሃ። ወደ ሥራ ስወጣ፣ እናቴ አትሂጂ።»

 ጥዑመልሳን ዐይኑን ከእሷ ላይ አነሣ። አማርኛ የማይሰማው ሂሻም እንኳ የሆነ ነገር እንዳለ ገባውና ቀረብ አለ።

«ወደ ሥራ ስትወጪ ነው፣ እናቴ አትሂጂ የሚሉት?»

«አዎ።»

«ራንዳ፣ እናቴ የሚሉት አንቺን ነው» አላት። «በእኛ አገር እናት ልጇን ስታቆላምጥ፣ ወንዱን አባቴ፣ ሴቷን እናቴ ትላለች። ለራሷ ልጅ፣ ለወለደቻት። ይሄ ከስም በላይ ነው።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

ራንዳ የተወለወለውን ማይክራፎን አንሥታ እንደገና ወለወለችው። ከዚያ ወንበሮቹን ሰብስባ፣ ሂሻምን ደህና ዋል ብላ ወጣች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሰውነቷ ውስጥ ግን፣ ደንዝዞ ቆይቶ ደም ሲመለስበት እንደሚነዝር እግር፣ የሆነ ነገር ጀማመራት።

የካላክላ ሐፍላ እንደወትሮው ታጭቆ ነበር። ራንዳ በሁለት ወፋፍራም ሴቶች መካከል ተጣብቃ ቆማ፣ እናቷ «እናቴ ነይ» ያለችበትን እያንዳንዱን ጊዜ አንድ በአንድ አነሣች። ውሃ ስታመጣ፤ እኔን ነው። ትራሱን ስታስተካክል፤ እኔን ነው። በር ላይ ጫማ ስታጠልቅ፤ እኔን ነው። ደስ አላት። ሌላ ቃል አልፈልግለትም፣ ደስ አላት። ቤቷ ገብታ ፉል አሞቀች፤ ዘይት ጨመረችበት፤ ሽንኩርት ከትፋበት ተቀምጣ በላች። ያለፈውን ዓመት ሁሉ ቆማ ነበር የምትበላው።

በማግሥቱ ለጥዑመልሳን፣ ስሟን ሳይጠራ የእናቷን ነገር ለሕዝብ ቢናገረው እንደማትጠላ ነገረችው። ሂሻም ስታንጎራጉር ሰማትና ፊቷን አገኘችው ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። ተማሪዎቹም ድፍረት አገኙ፤ የታንዛኒያዊው ትል እንኳ ራንዳን ትንሽ ፈገግ አሰኘቻት ይባላል።

የሕዝቡ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። ሾፌሩም፣ ሻይ ሻጯም፣ ጡረተኛ መምህሩም፣ አየሩ ይሻላል ብሎ የገባውም መጣ። ትሏና አቧራው ተጨበጨበላቸው። ጥዑመልሳን ተራው ሲደርስ ያለ ወረቀት ወጣ። አንዲት ልጇን «እናቴ» እያለች ስለምትጠራ እናትና ስላልገባት ልጅ ሲናገር፣ ሴቶች በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። ራንዳ ከግድግዳው ጋር ቆማ የራሷን ታሪክ እንደ ሰው ታሪክ ሰማችው። ደስታዋ አልለቀቃትም ነበር።

ከዚያ የጥያቄ ጊዜ ሆነ፤ ማይክራፎን ይዞ ወደ ጠያቂ መሄድ የራንዳ ሥራ ነው። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ። ባላቸው ከሰሜን፣ ከሐልፋ የመጣ ኑብያዊ ነው፤ ከታመመ ወዲህ የአባቶቹን ቋንቋ ብቻ ነው የሚያወራው፤ እሳቸውም ልጆቻቸውም አይችሉትም። ቀኑን ሙሉ በዐረብኛ አወራዋለሁ አሉ። ይሰማኛል? ወይስ ለግድግዳ ነው የማወራው?

ጥዑመልሳን ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ፤ እንደ አገሩ ወግ «ኻላ»፣ አክስቴ ብሎ ጀመረ።

«ኻላ፣ በዐረብኛ የሚሉት ላይገባቸው ይችላል» አላቸው። «ድምፅዎን ይሰማሉ፤ ቃሉ ግን አያልፍም። እኔ ባየኋቸው ሰዎች ግን አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ የተነገራቸው ሁሉ ይገባቸዋል። መልስ ባይሰጡም ይገባቸዋል። እና ኻላ፣ ከእሳቸው ቋንቋ አንድ ዐረፍተ ነገር ይማሩ። አንድ ትበቃለች።»

ጭብጨባው ቀለጠ። አሮጊቷ አላህ ዕድሜ ይስጥህ ብለው መረቁት። ማይክራፎኑን ለራንዳ ሲመልሱ አልተቀበለቻቸውም። ሌላ ሰው ወሰደው።

አንድ ያቆየሁት ነገር አለ። ያቆየሁት ራንዳም ስላቆየችው ነው።

ሉጥፊያ ልትሞት አካባቢ «እናቴ ነይ» የሚለው በዛ። ራንዳ የሞተ ሰው የሚጠብቅን ሰው ዝም ብሎ ማየት ኃጢአት መሰላት። እናትሽ እኮ ሞታለች ብላ በዐረብኛ ነገረቻት፤ ምንም። ስለዚህ ዴም ሄደች። ቅመማ ቅመም የሚሸጠውን ጸጋዬን፣ ይህ ነገር በአማርኛ እንዴት ይባላል ብላ ጠየቀችው። ለማን እንደሆነ አልነገረችውም፤ የቤቷን ጉዳይ ለሰው የምታወራ ልጅ አይደለችም። ጸጋዬ መርዶ መሆኑ ገባውና ተቆጣ። መርዶ እንዲህ በሱቅ በር የሚሸመት ነገር አይደለም አላት። ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ሰውየው ገና ከአልጋው ሳይነሣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። ዘመድ የለንም አለችው። አዘነላትና ቃሉን አስተማራት። ምላሷ እስኪለምደው ደጋገመችለት፤ ሐፍላ ውስጥም እስከ ካላክላ ድረስ በሆዷ ስትለው ሄደች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ከሶላት በኋላ፣ የእናቷን ፊት በሞቀ ውሃ አበሰችላት። ደህናውን እጇን ያዘች። ሉጥፊያ ነቅታ አየቻትና «እናቴ» አለቻት። ራንዳም የተማረችውን፣ አንድ ፊደል ሳትስት፣ ነገረቻት። ሉጥፊያ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን ወዲያ ማንንም አልጠራችም። ጎረቤቶች ተረጋጋች፣ ቀለላት አሉ፤ ራንዳም ደግ ሠራሁ ብላ ነበር። ሉጥፊያ ብዙ ቀን አልቆየችም።

ያ ሁሉ የፍቅር ቃል በዐረብኛ ነበር። በአማርኛ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሕዝቡ ተበትኖ ሂሻም ለተማሪዎቹ ሻይ ሲያዞር፣ ጥዑመልሳን ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ራንዳ መጣ። ፊቱ በርቷል። ሕዝቡን ያስለቀስሽው አንቺ ነሽ ብሎ አመሰገናት። ወንበር እየደራረበች ስለነበር አላየችውም።

«አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ» አላት። «እናቴ ሲሉሽ፣ አንቺ ምን ትያቸው ነበር?»

ራንዳ የያዘችውን ወንበር መሬት አስቀመጠች።

«እናትሽ ሞታለች» አለች።

ጥዑመልሳን አማርኛዋ ተሰባብሮ ሌላ ነገር ልትል የፈለገች መስሎት ጠበቀ። አልጨመረችም። ፊቷን ሲያየው ነገሩ ገባው፤ ሻዩን የሚያስቀምጥበት አጣ።

«በዐረብኛ ነዋ» አለ ቀስ ብሎ። «በዐረብኛ ነው አይደል ያልሻቸው?»

«ላ» አለች ራንዳ። «በአማርኛ። ተምሬ ነው።»